የፍቅር ልብ ወለድ አንባቢ ሲጠየቅ

ለቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር



በውሰት ጠረጴዛ ላይ ያገለገለ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ሁኔታ አለ። አንዲት አንባቢ ሦስት መጻሕፍት ይዛ ትቀርባለች። ከላይ የታሪክ መጽሐፍ፣ ከሥር ስለ ልጆች አስተዳደግ የተጻፈ መጽሐፍ፣ በሁለቱ መካከል ደግሞ ሽፋኑ ላይ ሸሚዙን የከፈተ ጎልማሳ የተሣለበት ስስ የፍቅር ልብ ወለድ ይገኛል። ሠራተኛው መጻሕፍቱን ሲመዘግብ አንባቢዋ ወደ መስኮቱ ትመለከታለች፤ አንዳንድ ጊዜም ማንም ሳይጠይቃት «ለእኅቴ ነው» ትላለች። ሠራተኛው ጨዋ ከሆነ ዝም ይላል፤ ጨዋ ካልሆነ ፈገግ ይላል። በሁለቱም መንገድ ግን መጽሐፉ በተመለሰ ጊዜ «እንዴት አገኙት?» ብሎ የሚጠይቃት አይኖርም። ስለ ታሪኩ መጽሐፍ ቢሆን ምናልባት ትጠየቅ ነበር።

የዚህ ንግግር ርእስ ያ ሳይቀርብ የቀረው ጥያቄ ነው። ግልጽ የወሲብ ትረካ ስላለባቸው የዘመኑ የፍቅር ልብ ወለዶች ሐያስያን ብዙ ጽፈዋል፤ የሥነ ምግባር መምህራን ብዙ ገሥጸዋል፤ አሳታሚዎችም ብዙ ሸጠዋል። አንባቢዎቹ ራሳቸው ምን እንደሚሉ በጥሞና ለመስማት የተቀመጠ ሰው ግን ቁጥሩ አነስተኛ ነው። የሰሙት ጥቂቶች ያገኙት መልስ ያስገርማል፤ ምክንያቱም እነዚህ አንባቢዎች «ያገኙትን ሁሉ የሚበሉ» እየተባሉ ሲታሙ ኖረው፣ ሲጠየቁ ከብዙ ሐያስያን የጠነከሩ ፈራጆች ሆነው ተገኝተዋል።

እ.ኤ.አ. በ1980 ጃኒስ ራድዌይ የተባሉ አሜሪካዊት ምሁር በአገራቸው መካከለኛ ምዕራብ ወደምትገኝ አንዲት ከተማ ሄዱ። ከተማይቱን በጥናታቸው ውስጥ «ስሚዝተን» ብለዋታል፤ ስሙ ነዋሪዎቿን ለመሰወር የተፈጠረ ነው። በዚያች ከተማ በአንድ የመጻሕፍት መደብር ውስጥ የሚሠሩ፣ በጥናቱ «ዶት ኤቫንስ» የሚል ስም የተሰጣቸው አንዲት ሻጭ ነበሩ። ወይዘሮ ኤቫንስ በየወሩ ከማተሚያ ቤት ከሚጎርፈው የፍቅር ልብ ወለድ ውስጥ የትኛው ገንዘብና ጊዜ ሊወጣበት እንደሚገባ፣ የትኛው ደግሞ ሊተው እንደሚገባ ለደንበኞቻቸው የሚያስረዱ ሴት ነበሩ፤ ይህንኑ አስተያየታቸውንም በጽሑፍ እያዘጋጁ ያሠራጩ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ያላሰበውን፣ ቤተ መጻሕፍትም ያልሞከረውን ሥራ አንዲት የመደብር ሠራተኛ ይዘውት ተገኙ ማለት ነው።

ራድዌይ ከወይዘሮ ኤቫንስ ደንበኞች መካከል 42 ለሚሆኑት የጽሑፍ መጠይቅ አደሉ፤ ከ16ቱ ጋርም ረዘም ያለ ቃለ መጠይቅ አደረጉ። አብዛኞቹ ባለትዳርና ልጆች የሚያሳድጉ ሴቶች ነበሩ። በይበልጥ የሚወዱት የቀድሞ ዘመን ታሪክ የለበሰውን የፍቅር ልብ ወለድ ቢሆንም በዘመናቸው ሕይወት ላይ የተጻፈውንም ያነቡ ነበር። የጥናቱ ውጤት እ.ኤ.አ. በ1984 «የፍቅር ልብ ወለድን ማንበብ» በሚል ርእስ በመጽሐፍ መልክ ታትሞ ወጣ።

ሴቶቹ ምን አሉ? በመጀመሪያ ደረጃ፣ አንድ የፍቅር ልብ ወለድ ሊኖረው የሚገባ ዋና ነገር ምንድን ነው ተብለው ሲጠየቁ ከሁሉ አስቀድመው የጠሩት መልካም ፍጻሜን ነው። ቀጥሎም ፍቅሩ ቀስ በቀስ የሚያድግ እንዲሆን ፈለጉ። ሁለቱ ሰዎች ከተገናኙ በኋላ አብረው እንዴት እንደሚኖሩ የሚያሳይ ጥቂት ገጽ ቢጨመርበትም ይወዱ ነበር፤ ይህን ያሉት ትዳር ምን እንደሆነ የሚያውቁ ሴቶች መሆናቸውን ልብ ይሏል። ከማይፈልጓቸው ነገሮች መካከል ደግሞ አስገድዶ መድፈር፣ አሳዛኝ ፍጻሜ፣ ባለታሪኳን በአካል ማሠቃየት፣ ከአንዱ አልጋ ወደ ሌላው መዝለልና በዝርዝር የተጻፈ የወሲብ ትረካ ይገኙበታል። «እነዚህን መጻሕፍት የሚያነቡት ለዚያ ነገር ነው» ብሎ የወሰነ ሰው ይህን ዝርዝር ሁለት ጊዜ ቢያነበው አይጎዳም።

ስለ ንባባቸው የተናገሩትም ከዚህ የተለየ አይደለም። ቀኑን ሙሉ የባልና የልጅ ጥያቄ ሲመልሱ የሚውሉ ሴቶች መጽሐፉን ሲከፍቱ «አሁን ለማንም አልገኝም» ማለታቸው መሆኑን ለራድዌይ አስረድተዋል። ባሎቻቸው የሚቀየሙትም በመጽሐፉ ይዘት ብቻ ሳይሆን ሚስታቸው ለአንድ ሰዓት ያህል በቤት ውስጥ እያለች የሌለች በመሆኗ ጭምር ነበር። ከመካከላቸው የመጽሐፉን የመጨረሻ ገጾች አስቀድመው ተመልክተው፣ ፍጻሜው ካላማራቸው የማይገዙም ነበሩ። ይህ ልማድ በሥነ ጽሑፍ ክፍል ውስጥ ያስነቅፋል፤ ነገር ግን ደክሞት ለማረፍ የተቀመጠ ሰው እንዳይታለል ቢጠነቀቅ የሚያስነቅፍበት ምክንያት የለም።

የሆነ ሆኖ የአንባቢ ግልጽነት ሲባል ሁልጊዜ እርስ በርሱ የሚስማማ ሐሳብ ማለት እንዳልሆነ ከዚሁ ጥናት መረዳት ይቻላል። መድፈርን የሚጠሉት እነዚሁ ሴቶች ከሚያመሰግኗቸው ደራስያን ግንባር ቀደሟ ካትሊን ዉዲዊስ ነበሩ። የዉዲዊስ «ነበልባሉና አበባዪቱ» እ.ኤ.አ. በ1972 በኤቨን አሳታሚ ድርጅት ሲወጣ የመኝታ ቤቱን በር ለፍቅር ልብ ወለድ የከፈተ መጽሐፍ ተብሏል፤ በመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ውስጥም ወንዱ ባለታሪክ ሴቲቱን ይደፍራታል። ይህ እንዴት ይታረቃል? አንባቢዎቹ ለይቅርታቸው ምክንያት ነበራቸው፤ ሰውየው ሴቲቱን በስሕተት ሴተኛ አዳሪ አድርጎ ወስዷታል፣ በኋላም ተጸጽቷል የሚል ነው። ምክንያቱ ደካማ ነው። ሴተኛ አዳሪ ብትሆንስ ኖሮ? ብሎ የሚጠይቅ ከመጣ መልስ አይገኝለትም። ይሁን እንጂ ሴቶቹ ምክንያት መፈለጋቸው ራሱ ነገሩ እንደ ቆረቆራቸው ያሳያል፤ ከእነርሱ በኋላ የመጣው የአንባቢ ትውልድም ያንኑ ቁርቁር ይዞ ወደ ግልጽ ተቃውሞ አድርሶታል።

የጋለው ገጽ ወደ ዘመናዊው ሕይወት ልብ ወለድ የገባበት መንገድ በአጭሩ እንዲህ ነው። ሚልስ ኤንድ ቡን እ.ኤ.አ. በ1908 በለንደን ተቋቋመ፤ የካናዳው ሃርለኩዊን ከ1957 ጀምሮ የእርሱን ልብ ወለዶች ሲያሳትም ቆይቶ በ1971 ድርጅቱን ገዛው። በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ በሩ በመሳም ላይ ይዘጋ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980 በኒው ዮርክ የዴል አሳታሚ ድርጅት አርታኢ የነበሩት ቪቪያን ስቲቨንስ «ካንድልላይት ኤክስታሲ» የተባለውን ተከታታይ ኅትመት ጀመሩ። ባለታሪኳ አሜሪካዊት፣ ከሃያዎቹ አጋማሽ ያለፈች፣ የራሷ ሥራና ደመወዝ ያላት ሴት ሆነች፤ ከወንዱ ጋር የምትተኛውም ተገድዳ ሳይሆን ፈልጋ ሆነ። ስቲቨንስ ጥቁር አሜሪካዊት ናቸው። በዚያው ዓመት ሮዛሊንድ ዌልስ በሚል የብዕር ስም የተጻፈውን፣ ጥቁር ደራሲና ጥቁር ፍቅረኞች ያሉትን «የተሳሰሩ ዕጣዎች» ያሳተሙትም እርሳቸው ናቸው። የአሜሪካ የፍቅር ልብ ወለድ ደራስያን ማኅበር ሲመሠረትም ከመሥራቾቹ አንዷ ነበሩ።

በኤክስታሲ ተከታታይ ኅትመት መጀመሪያ ላይ ከወጡት ደራስያን መካከል ጄን ካስል በሚል የብዕር ስም የጻፉት ጄን አን ክሬንትዝ ይገኙበታል። ክሬንትዝ በትምህርት የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ናቸው፤ በሙያውም ሠርተዋል። ይህ ለዚህ ጉባኤ ትንሽ ደስታ የሚሰጥ ወሬ ስለሆነ ማለፉ አልተቻለም።

ስለ ጋለው ገጽ ራሱ የዛሬ አንባቢዎች የሚሰጡት አስተያየት ምን ይመስላል? ከአንባቢዎች ግምገማ ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣው ቅሬታ «በዛ» የሚል ብቻ አይደለም፤ ይልቁንም «ከሌላው መጽሐፍ ተነቅሎ የተተከለ ይመስላል» የሚል ነው። ባለታሪኮቹ ስማቸው ቢለወጥ ትዕይንቱ ምንም አይሆንም። አንዱ የእግር ኳስ ተጫዋች፣ ሌላው የባለ ብዙ ሚሊዮን ኩባንያ ባለቤት፣ ሦስተኛው የእሳት አደጋ ሠራተኛ ሆኖ ሳለ፣ መብራቱ ሲጠፋ ሦስቱም አንድ ዓይነት ቃል ይናገራሉ፣ አንድ ዓይነት ነገር ያደርጋሉ። ልምድ ያላት አንባቢ እንዲህ ያለውን ገጽ በጣቷ ገልብጣ ታልፈዋለች። ታልፋውም ታሪኩ ካልጎደለባት ፍርዷን ሰጥታለች፤ ገጹ ባይጻፍ ይሻል ነበር።

በአንጻሩ የሚመሰገነው ገጽ ሁለቱ ሰዎች ሲገቡበት እንደ ነበሩ ሆነው የማይወጡበት ነው። ሰውነቷን ስትጠላ የኖረች ሴት መብራቱ እንዳይጠፋ ስትፈልግ፣ ወይም ሁሉን ነገር ማዘዝ የለመደ ሰው «ምን ትወጃለሽ?» ብሎ ጠይቆ መልሱን ለመስማት ሲታገሥ፣ በዚያ ገጽ ላይ የሚሆነው ነገር በመኝታ ቤት ውጭ ሊሆን የማይችል ነው። አንባቢ ይህን ለይታ ታውቃለች። ይህን መለየት ደግሞ ማንኛውም የልብ ወለድ ሐያሲ ስለ ጦርነት ወይም ስለ ግብዣ ትዕይንት ከሚያደርገው ምርመራ በምንም አያንስም።

ሌላው ነገር የመጠን ጉዳይ ነው። በዛሬው ጊዜ እንግሊዝኛ ተናጋሪ አንባቢዎች የመጽሐፉን ግለት በበርበሬ ምልክት ይለካሉ፤ አንድ በርበሬ ለለስላሳው፣ አምስት በርበሬ ለሚያቃጥለው። ሚጥሚጣና አልጫ ለይቶ ለሚያውቅ ሰው ይህ መለኪያ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ቁም ነገሩ ግን በርበሬው የጥራት መለኪያ አለመሆኑ ነው። አምስት በርበሬ የተሰጠው መጽሐፍ በዚያችው አንባቢ ከአምስት ኮከብ ሁለቱን ብቻ ሊያገኝ ይችላል። አንባቢዎች ሁለቱን ለይተው ሲይዙ፣ ከውጭ ሆነው የሚፈርዱት ግን ብዙውን ጊዜ አንድ ያደርጓቸዋል።

ለዚህ ጥሩ ምስክር የሚሆነው የኢ. ኤል. ጄምስ «ፊፍቲ ሼድስ ኦቭ ግሬይ» ነው። መጽሐፉ አስቀድሞ በሌላ ታዋቂ ልብ ወለድ ላይ ተመሥርቶ በአድናቂ የተጻፈ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ራሱን ችሎ ወጣ፤ ተከታታዩም እስከ 2014 ድረስ በዓለም ዙሪያ ከ100 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ። መጀመሪያ በኤሌክትሮኒክ ቅጂ መሠራጨቱ ጠቅሞታል፤ እንዲህ ያለ ቅጂ ሽፋን ስለሌለው በአውቶቡስ ውስጥ መደበቅ አያስፈልግም። ታዲያ በመጽሐፉ ላይ የጠነከረውን ነቀፌታ ከሰነዘሩት መካከል ለዓመታት የፍቅር ልብ ወለድ ያነበቡ ሰዎች ነበሩ። ነቀፌታቸው በወሲቡ ላይ አልነበረም። ቋንቋው ተደጋጋሚ ነው አሉ፤ ባለታሪኳ ራሷን የምታስተዋውቅበት ሐሳብ የላትም አሉ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሰውየው ምግቧን፣ መኪናዋንና ጓደኞቿን መቆጣጠሩ እንደ ፍቅር መቅረቡን ተቃወሙ። ሌሎች አንባቢዎች በበኩላቸው መጽሐፉ ለብዙ ዘመን ዝም ያሉበትን ነገር ከባሎቻቸው ጋር ለመነጋገር ድፍረት እንደ ሰጣቸው ገልጸዋል። ሁለቱም ወገኖች ስለ አንድ መጽሐፍ እውነቱን ተናግረዋል።

በዚያው ሰሞን ቤተ መጻሕፍት ምን አደረጉ? እ.ኤ.አ. በ2012 በፍሎሪዳ ግዛት የብሬቫርድ አውራጃ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፉን ከመደርደሪያ አነሡት። የተሰጠው ምክንያት ለወሲብ ማነሣሻ የተጻፈ መጽሐፍ አይያዝም የሚል ነበር። ሰዎች ግን በዚያው መደርደሪያ እንደ «ፋኒ ሂል» ያሉ በወሲብ ትረካ የታወቁ የቀድሞ ዘመን መጻሕፍት መኖራቸውን አመለከቱ፤ ተቃውሞው ስለ በረታም መጽሐፉ ብዙ ሳይቆይ ተመለሰ። በዚህ አጋጣሚ የሚያሳዝነው የመጽሐፉ መነሣት ብቻ አይደለም፤ መጽሐፉን ለመውሰድ ስማቸውን ያስመዘገቡት ሰዎች አስተያየት የተሰማው ከውሳኔው በኋላ መሆኑ ነው።

አንባቢ በትክክል ሲሰማ ምን ሊሆን እንደሚችል የኮሊን ሁቨር መጽሐፍ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው «ኢት ኤንድስ ዊዝ አስ» በሚወዳት ባሏ የምትደበደብና በመጨረሻ ትታው የምትሄድ ሴት ታሪክ ነው፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በወጣት አንባቢዎች ቅብብል በመላው ዓለም ተነበበ። በ2023 መጀመሪያ ከመጽሐፉ ጋር የሚሄድ ቀለም የሚቀባበት ደብተር እንደሚወጣ ሲነገር፣ የተቃወሙት መጽሐፉን የማያውቁ ሰዎች ሳይሆኑ አንባቢዎቹ ናቸው። ድብደባ የሞላበት ታሪክ መዝናኛ ደብተር ሊሆን አይገባውም አሉ፤ ደራሲዋም ነቀፌታውን ተቀብለው እቅዱ ተሰረዘ። ነገሩ ከዚያም አልፎ መጽሐፉ የፍቅር ልብ ወለድ ነው ወይስ አይደለም የሚል ክርክር አስነሥቷል፤ ብዙዎቹ አይደለም ባዮች ናቸው።

ይህ ክርክር መነሻው የዘውጉ ሕግ ነው። የአሜሪካ የፍቅር ልብ ወለድ ደራስያን ማኅበር ባስቀመጠው ትርጓሜ መሠረት ዋናው ታሪክ ፍቅር መሆን፣ ፍጻሜውም የሚያረካና ተስፋ ያለው መሆን አለበት። በዚህ ሕግ ሲታይ በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ከበሩ ላይ ይመለሳል፤ ርእሱ ራሱ ፍጻሜውን ተናግሮ ጨርሷልና። በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ያደገ አንባቢ ፍቅር ሲባል እንባ አብሮ እንዲመጣ ስለሚጠብቅ የስሚዝተኖቹ ሴቶች ጥያቄ የሕፃን ጥያቄ ሊመስለው ይችላል። እንደዚሁም የስብሐት ገብረ እግዚአብሔር «ሌቱም አይነጋልኝ» ለረጅም ዓመታት ሳይታተም በእጅ ጽሑፍ ሲዞር የኖረው በግልጽነቱ ምክንያት ነው፤ ነገር ግን ያ መጽሐፍ የውቤ በረሃን ሌሊት የሚተርክ እንጂ በዚህ ንግግር የተነሣው ዓይነት የፍቅር ልብ ወለድ አይደለም። ሁለቱን በአንድ መደርደሪያ ላይ «ልቅ ጽሑፍ» በሚል ስም ማስቀመጥ ሁለቱንም አለማንበብ ነው።

ወደ ራድዌይ እንመለስ ቢባል፣ ምሁሯ ራሳቸው ከሴቶቹ ጋር ሙሉ በሙሉ አልተስማሙም። ንባቡ ለሴቶቹ ትንሽ ተቃውሞና ዕረፍት መሆኑን አምነው፣ መጽሐፉ ሲዘጋ ግን ቤቱ እንደ ነበረ ይቆያል፣ እንዲያውም ልብ ወለዱ ሻካራውን ባል በውስጡ ርኅሩኅ እንደሆነ አድርጎ በማሳየት ያለውን ሥርዓት ያጸናል ሲሉ ደምድመዋል። በ1992 ክሬንትዝ ባዘጋጁት የድርሰት ስብስብ ውስጥ የፍቅር ልብ ወለድ ደራስያን ለእንዲህ ያለው ትችት መልስ ሰጥተዋል፤ አንባቢዋ ምናባዊውን ከእውነተኛው ለይታ የምታውቅ ናት የሚል ነው። ይህ መልስ ትክክል ነው፤ ግን የራድዌይን ጥያቄ አይዘጋውም። የመርማሪ ፖሊስ ልብ ወለድ የሚያነብ ሰው ነፍሰ ገዳይ እንደማይሆን ሁሉ የፍቅር ልብ ወለድ የምታነብም አትታለልም፤ ነገር ግን ቅናትን የፍቅር ምልክት አድርጎ የሚያቀርብ መቶ መጽሐፍ በተከታታይ ለሚያነብ የ15 ዓመት ልጅ ማንም ይህን ያህል እርግጠኛ ሊሆን አይገባውም። ይህን ሥጋት በግልጽ ከሚናገሩት መካከል አዋቂ አንባቢዎቹ ራሳቸው ይገኛሉ፤ የሽፋኑ ሥዕል እንደ ካርቱን ለስላሳ እየሆነ ስለ መጣ ውስጡ ምን እንዳለ ከውጭ ማወቅ አልተቻለም ይላሉ።

ለዚህ ሙያ የቀረው ነገር እዚህ ላይ ነው። በብዙ ቤተ መጻሕፍት ስስ የፍቅር ልብ ወለዶች በካታሎግ ሳይመዘገቡ በተሽከርካሪ መደርደሪያ ላይ ተከምረው ኖረዋል፤ ቢጠፉም አይቆጠሩም፣ ቢቀደዱም አይጠገኑም ነበር። እንዲህ ሲሆን የደራሲዋ ስም፣ የተከታታዩ ቅደም ተከተል፣ ለአዋቂ ወይም ለወጣት መሆኑ ሁሉ ይጠፋል። አንባቢዋ ሦስተኛውን መጽሐፍ ከመጀመሪያው አስቀድማ ትወስዳለች፤ የ15 ዓመቷ ልጅም ሽፋኑ የመሰላትን ታነሣለች። የሚያስፈልገው ሥራ ብዙ ወጪ የለውም። መጽሐፉ እንደ ማንኛውም መጽሐፍ ይመዝገብ፤ በካርዱ ላይ የትረካው ግልጽነት መጠን ያለ ነቀፋና ያለ ቀልድ ይጠቀስ፤ ጥቃትና ድብደባ ያለበት ከሆነም ይገለጽ። መጽሐፉ በሚመለስበት ጊዜ ደግሞ በውስጡ አንዲት ባዶ ወረቀት ትኑር፤ ስም የማይጻፍባት፣ ለሚቀጥለው አንባቢ ሁለት መስመር የሚጻፍባት።

ወይዘሮ ኤቫንስ ይህንኑ ሲያደርጉ የነበሩት ከአንድ የገበያ አዳራሽ ውስጥ ሆነው ነው። ጽሑፋቸው ከታወቀ በኋላ በኒው ዮርክ ያሉ አርታኢዎች ሊታተሙ የተዘጋጁ መጻሕፍትን እየላኩ ሐሳባቸውን ይጠይቋቸው ነበር።